እምቢ ያለኝ ቁጥር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዘጠነኛው ልኬት። 3.4። ደግሞ ያው።

መምህሬ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ለክተው ያሳተሙት 3.9 ነው። የእኔ የምረቃ ጽሑፍ በእሳቸው ቁጥር ላይ ተነሥቶ ሌላ ሊለካ ነበር። ያ ቁጥር አልመጣ ብሎኝ መነሻው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ስምንት ወር!

«ዕቃሽን ፈትሺ» አሉኝ። ፈተሽኩ። ሁለቱን የብረት ሳህኖች አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እህቴ ራት ላይ «ግን ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትለኪው?» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለካትስ እሷም ታውቃለች።

ነገርኳት። የምለካው ዱቄት የተሠራው ከሞለኪውሎች ነው። የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ኔጌቲቭ። ፈሳሽ ውስጥ አሟሟውና በሁለቱ ሳህኖች መካከል አደርገዋለሁ። ኤሌክትሪክ ስለቅበት በሳህኖቹ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ይይዛቸዋል፤ ኔጌቲቭ ጫፋቸውን ወደ ፖዘቲቩ ሳህን ሊያዞሩ ይሞክራሉ። ሙቀቱ ደግሞ እየገፋ ይበትናቸዋል። ምን ያህል እንደዞሩ ካየሁ፣ የጫፎቹ ሙል፣ ማለትም ቻርጃቸው፣ ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደተራራቁ በአንድ ቁጥር አገኘዋለሁ። ዳይፖል ሞመንት የምንለው እሱን ነው።

«ሁሉም ይዞራሉ?»

«የት! ትንሽ ዘንበል ነው የሚሉት።»

«እንደ ባሌ ናቸዋ! ስጠራው አንገቱን ዘንበል ያደርግና ተመልሶ ጋዜጣው ውስጥ።»

ባሏ ከጋዜጣው ጀርባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ?

አርብ፣ የካቲት 14

3.4። ደከመኝ። ወደ ቤት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

3.9! መጣ! እየሮጥኩ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ።

ከሰዓት በኋላ... ዱቄቱን ልመልስ ስል የማስቀምጥበት የማድረቂያ ዕቃ ክዳን ገርበብ ብሎ አየሁት። አርብ ዕለት ሳልገጥመው ነው የሄድኩት። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሲዘንብ ነው የዋለው። ዱቄቱን ሚዛን ላይ አወጣሁት። ከብዷል። ከአየሩ ውሃ ጠጥቷል።

ውሃ ራሱ ፖላር ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፍ አለው። መስኩ ሲነካው እሱም ይዞራል። ዱቄት በጨመርኩ ቁጥር ውሃም አብሬ እየጨመርኩ... ቁጥሩን ወደ ላይ የሰቀለው እሱ ነው።

ታዲያ የመምህሬም ዱቄት እርጥብ ነበር ማለት ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? 3.9 ብዬ ልጻፍና ልገላገል። የተፈቀደልኝ ጊዜ በመጋቢት መጨረሻ ያልቃል።

ምነው ክፉ ሰው በሆኑ! አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ፈተናዬን አራዝመው፣ የማጠናውን መጽሐፍ ቤት ድረስ ያመጡልኝ ሰው ናቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ይሄን ላሸክማቸው?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ትናንት ደረቁንም እርጥቡንም ለየብቻ ደግሜ ለካሁ። ጥርጥር የለውም። ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ መምህሬ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲለኩት ዱቄቱ... በደንብ ደርቆ ነበር?»

ወረቀቱን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያኔ ማድረቂያ አልነበረንም። መስኮት ዳር ነበር የምናሰጣው።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ለምኑ?» ቆጣ አሉ። «ሂጂ አሁን። ብቻዬን ልየው።»

አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ስድስት ቀን። ኮሪደር ላይ ከአንገት በላይ ሰላምታ፣ ሌላ የለም። አበላሸሁት?

እህቴ እንዲህ አለችኝ፦ «ወገቡን አሳስቼ የለካሁትን ሱሪ ሰው ሲመልስልኝ መጀመሪያ ሰውየውን ነው የምጠላው። ሱሪውን የማየው ሲበርድልኝ ነው። ታገሻቸው።»

አርብ፣ የካቲት 28

ጠዋት ስገባ ቆመው አገኘኋቸው። ጋዋን ለብሰዋል። የእኔን ጋዋን! እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ የምለካው። እንዳትነኪ። እንዳትናገሪም።»

ዱቄቱን ከትናንት ጀምሮ ራሳቸው ሲያደርቁት ነበር። ሁለቴ ደፉት። ልርዳቸው እልና እጄን መልሼ ኪሴ እከታለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሱም።

3.42።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። «3.9ን ሃያ ስድስት ዓመት አስተማርኩት» አሉ። ከዚያ ዕቃውን አብረን አጠብን። እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

እርማቱን ጽፈው ለመጽሔቱ ላኩት። ስሜን ከስማቸው በላይ አድርገውታል። ልከራከር ስል «ዝም በይ» አሉኝ። ሦስት ወርም አስጨምረውልኛል። ድካሙ እንዳለ ነው... ትናንት ግን ያለ ሐሳብ ተኛሁ።

ዛሬ «ተከተዪኝ» ብለው ሁለተኛ ዓመቶች ክፍል አስገቡኝ። ሰሌዳው ላይ 3.9 ጻፉና በረጅሙ ሰረዙት።

«ይሄን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ስህተት ነው።»

አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «በምን አወቁ?»

ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ። ሄደው ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጡ። ማስረዳት ጀመርኩ። ቀና ስል እሳቸውም ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ።