ከትርንጎው ሥር ያወጣሽኝ ቀን

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የደብረ ታቦር ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያንቺን ጋቢ ደርቤ ነው ለማስተማር የምሄደው። ይፋግ ያለው ቤታችንም ደህና ነው። ወንድሜ ጌታነህ ጣራውን በአዲስ ቆርቆሮ ቀይሮታል። ልጁ ሜሮን መራመድ ጀምራለች፤ ግንባሯ ቁርጥ አንቺን።

የጓሮው ትርንጎሽ ግን ባለፈው ወር ከመቆረጥ ለጥቂት ተረፈ። ሜሮን ሥሩ ገብታ እሾሁ ክንዷን ቧጠጣት። ጌታነህ ተናዶ ደወለልኝ። «እታለም፣ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ። ቦታውም ለኪራይ ቤት ይሆነናል» አለኝ። በስልክ ብለምነው እንደማይሰማኝ አውቄ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣሁ፤ ወረታ ላይ መኪና ቀይሬ ደረስሁ። መጥረቢያ ሲስል አገኘሁት። «ቁጭ በል፤ አንተ ሳትወለድ የሆነ ነገር ልንገርህ» አልሁት።

አባዬ አንቺን ሲያገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። የወለደችኝ እናቴ ከሞተች ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «እንጀራ እናት መጣችብሽ» እያለ ከንፈሩን ሲመጥልኝ፣ እኔም ሳላውቅሽ ጠላሁሽ። ያቀረብሽልኝን ትቼ ሰው ቤት ሄጄ እበላ ነበር። «እትዬ» እና «አንቱ» እያልሁ አራቅሁሽ። ሰው አክባሪ ልጅ ናት ይል ነበር፤ አንቺ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ሳይገባሽ አልቀረም።

አንድ የገበያ ቀን ትርንጎ ልትሸጪ ወደ መኪና መንገዱ ስትወጪ፣ ተሳብሁና ትርንጎው ሥር ገባሁ። አባዬ ሲመለስ «ልጄን የት አደረግሻት?» ብሎ እንዲያባርርሽ ነበር ሐሳቤ። ጥቂት ቆይቼ ስሰለች ልወጣ ብል ፀጉሬም ቀሚሴም በእሾህ ተያዘ። አንዱ እሾህ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ጮህሁ።

ቅርጫትሽን መንገድ ላይ ጥለሽ ሮጠሽ መጣሽ። በሆድሽ ተስበሽ ገባሽና ዓይኔን እንዳይወጋኝ ፊቴን በነጠላሽ ሸፈንሽው። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አትንቀሳቀሺ» እያልሽ ፀጉሬን ከየእሾሁ አንድ በአንድ አላቀቅሽው። ስንወጣ እኔ ላይ የመዳፌ ቁስል ብቻ ነበር፤ ያንቺ ሁለት ክንድ ግን ደም በደም ሆኖ ነበር። እሾሁን በመርፌ ስታወጪልኝ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ እርስዎን ላስባርር ብዬ ነው የገባሁት» አልሁሽ። እጅሽ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቁስሌን አጠብሽልኝ።

አባዬ ገብቶ «ክንድሽን ምን ነካው?» ሲልሽ የቆሰለ መዳፌን በቀሚሴ ሸፈንሁት። አንቺ «ትርንጎ ስለቅም ቧጠጠኝ» አልሽው። ወደ እኔ ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽም። በማግስቱ ከጓሮ ሆኜ «እማዬ!» ብዬ ስጠራሽ፣ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላሽ ዞር አልሽ። ያ መዞርሽ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል።

ጌታነህ አቀርቅሮ ሰማኝ። «እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?» አለ።

«እሷም ደብቃው ነዋ የሞተች» አልሁት።

መጥረቢያውን ይዞ ተነሣ፤ ሊቆርጠው ነው ብዬ ደነገጥሁ። እሱ ግን እንጨት ቆርጦ መጣና ሜሮን እንዳትደርስበት ዙሪያውን አጠረው። ፍሬ ያጎበጠውን ቅርንጫፍ በባላ ደገፈው። አባዬ እንኳ ሳይሰማ ያለፈውን ምስጢርሽን ስላወጣሁ ይቅር በይኝ፤ ትርንጎሽን የማስጥልበት ሌላ መንገድ አጣሁ።

እማዬ፣ አመሰግንሻለሁ። ያን ቀን ስላዳንሽኝ ብቻ አይደለም። ጌታነህን ከወለድሽ በኋላም አላበላለጥሽንም። ፀሐይ ላይ ቆመሽ በመኪና መስኮት ትርንጎ እየሸጥሽ እኔን አስተማርሽ፤ አንድም ቀን ውለታሽን አልቆጠርሽብኝም።

ባለፈው እሑድ ለጸሎት የሙታን ስም ላስጽፍ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ቄሱ «የእናትሽ ስመ ክርስትና ማን ነው?» አሉኝ። «ወለተ ሥላሴ» ብዬ የወለደችኝን አስጻፍሁ። ወደ ሌላ ሰው ሊያልፉ ሲሉ «ይቆዩኝ አባቴ፣ የእናቴ ስም አላለቀም» አልኋቸው፤ «አመተ ማርያምም ይበሉ»። ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁም በአንድ መስመር ትጠራላችሁ።

ልጅሽ የሺ