ወንድማችን ኪኒኑን እንዳያቆም

ይድረስ ለቤታችን አዛዥ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይን፣ የአባባ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ሐሳቡ ግን አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል። ትናንት “ወንድማችንን ሐኪም ጋ ውሰጂው” ብልሽ በስልክ “እሺ” አልሽኝ። ያንቺን “እሺ” ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እሺ ብለሽ የልብሽን ነው የምትሠሪው! በቤታችን በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል፤ በወረቀት የመጣውን ግን አባባ ሁሉን ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ስለዚህ ጻፍኩ። አባባ፣ እንግዲህ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

“በወንድማችን የሚጥል በሽታ ውስጥ የካልሲየም ነገር አለበት” ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው! በማግስቱ የካልሲየም ኪኒን ገዛሽ፤ “መድኃኒት ከመድኃኒት ይጣላል” ብለሽም ሐኪሙ ያዘዘለትን አስቆምሽው። አባባም ለጉልበቴ ይሆነኛል ብለው አብረውት ይውጣሉ አሉ። አይ የኛ ቤት!

ስሚኝ እትዬ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን አንጎል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ እቆርጥና ቀለም ውስጥ እነክራለሁ። ቀለሙ የሚያሳየኝ ካልሲየምን የሚይዙ ፕሮቲኖችን ነው። የነርቭ ሴል ሥራውን ሲሠራ ካልሲየም ይገባበታል፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ለቀም እያደረጉ ልክ ያስይዙታል። የሚጥል በሽታ በነበረበት ሰው አንጎል ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ላይ ሳስቶ አየዋለሁ። በሽታው ነው ያሳነሳቸው፣ ወይስ የእነሱ ማነስ ነው በሽታውን ያባባሰው? አለቃዬም ቁርጡን አታውቅም። ያነሰው ግን ያዡ እንጂ ካልሲየሙ አይደለም። ባልዲው ቢያፈስ ቧንቧ ይከፈትለታል እንዴ?

ትናንት ወንድማችን ስልኩን ከእጅሽ ተቀብሎ ወደ ውጭ ሲወጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ልብስ እየሰፋ ለአፍታ ራሱን ስቶ፣ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቱን በስቶታል። “ለእትዬ እንዳትነግሪ፣ ትደነግጣለች” አለኝ። ይኸው ነገርኩሽ፤ ከፈለገ ይቀየመኝ፤ ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ይብሳል፣ ሊገድልም ይችላል። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ ነው ሥራዬ፤ የአንጎሉን ቁራጭ የማሳርፍበትን ስስ መስታወት ሁሉ ሰበርኩት።

ወረቀቱን ነገ የምትሳፈረው ባልደረባዬ ታደርስልሻለች። ያነበባችሁ ዕለት ወንድማችንን ሐኪሙ ጋ ውሰጂው፤ ኪኒኑን እንዴት እንደሚመልስለት እሱ ይንገራችሁ። አንቺ ደግሞ እንዳትመጥኚለት!

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ ያን የካልሲየም ኪኒን ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይዋጡ። ልጆችሽንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

አንተ ወንድሜ፣ ሳቅህ ናፍቆኛል። እኔ እዚህ የማየው አንጎል ሁሉ ባለቤቱ የሞተ ነው። ያንተን ማየት አልፈልግም።

እህታችሁ
ከላቦራቶሪው ማዶ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን