ቢራ ሳይቀምሱ ሕያው ቢራን ያቆዩልን የወይዘሮ ሄስተር አክሮይድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሄስተር አክሮይድ ከአባታቸው ከአቶ ሉተር ሳትክሊፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔሊ ግሪንዉድ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1936 በዮርክሻየር፣ ከሃሊፋክስ በላይ ባለችው በስቶንሪግ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በአዘቦት ድንጋይ ፈላጭ፣ በእሑድ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ሰባኪ ነበሩ። ሄስተርም በዘጠኝ ዓመታቸው፣ እንደ ጸሎት ቤቱ ልጆች ሁሉ፣ አልኮል በአፋቸው ላይዞር ቃል ገብተው ፈረሙ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረው በሱፍ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1957 ከአቶ ክሊፎርድ አክሮይድ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሞሪንና ግራንት የተባሉ ልጆች አፈሩ። በ1961 ግን አቶ ክሊፎርድ «ጥቁሩ በግ» የተባለውን መጠጥ ቤት ከአንድ ቢራ ጠማቂ ኩባንያ ተከራዩ። አቶ ሉተር አንድ ወር ሙሉ ልጃቸውን አላነጋገሩም።

አቶ ክሊፎርድ ወገባቸውን ስለሚያማቸው የቢራ በርሜሎቹ የሚቀመጡበት ምድር ቤት በሄስተር እጅ ወደቀ። በዚያ ዘመን የነበረው ሕያው ቢራ ነው፤ እርሾው በበርሜሉ ውስጥ እየሠራ የሚደርስ፣ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳ ነበር። ሄስተር አይቀምሱትም፤ ያሸቱታል፣ በብርሃን ያዩታል፣ ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ ጣል አድርገው ያዳምጡታል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

በ1973 ኩባንያው የእጅ ፓምፖቹ ተነቅለው በጋዝ የሚገፋ ቢራ እንዲገባ፣ እምቢ ያለም ቤቱን እንዲለቅ አዘዘ። ሄስተር «እኔ አልጠጣውም፤ ሕያው ነገር ግን በእጄ አልገድልም» አሉ። ፓምፖቹን የሚነቅሉት ሠራተኞች ማክሰኞ መጡ።

«በርሜሉ ዛሬ ጧት ነው የገባው። ተኝቷል። ከነቀነቃችሁት ይደፈርሳል» አሏቸው ሄስተር።

የሠራተኞቹ አለቃ ባራክለፍ የቢራ ቤት ልጅ ነበርና ቆቡን አወለቀ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «መቼ ይነቃል፣ እትዬ?» አለ።

«ዓርብ።»

ዓርብ ሲመለሱ የመንደሩ ሰው ያንን ጨርሶታል፤ ሌላ በርሜል ገብቶ ተኝቷል። እንዲህ እያለ አምስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተው «ሴትዮ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፋም ቢራ አይቼ አላውቅም» ብለው ጮኹ።

«ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ጌታዬ» አሏቸው ሄስተር።

ወሬው ሸለቆውን አዳረሰ። ከሊድስና ከማንቸስተር ወጣቶች የቀመሱትን ቢራ የሚመዘግቡበት ደብተር ይዘው በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር፤ የሚቀዳው ቢራ እጥፍ ሆነ፤ ኩባንያውም ትእዛዙን በዝምታ ተወው። ያኔ በሸለቆው ሕያው ቢራ የሚቀዳው በ«ጥቁሩ በግ» ብቻ ነበር። ዛሬ በአሥራ ሰባት ቤቶች ይቀዳል፤ ከሱፍ ፋብሪካው ጀርባም አንዲት ትንሽ መጥመቂያ ተከፍታለች። ያው ኩባንያ የምድር ቤት ሠራተኞቹን ለትምህርት ወደ እሳቸው ይልክ ነበር። እሳቸውም ቂም ሳይዙ፣ ሻይ እያጠጡ አስተማሩ።

ወይዘሮ ሄስተር ልባቸው ደክሞ ከ2018 ክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ዋሉ። መጋቢት 10 ቀን 2019 ሞሪን አዲስ ከተከፈተው በርሜል አንድ ብርጭቆ ይዛላቸው ወደ መኝታ ክፍላቸው ወጣች። አሸተቱት። «አንድ ቀን ይቀረዋል፤ እንዳትቀጂ» አሏት። ሞሪን ለማንም ሳትቀዳ አሳደረችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ሄስተር በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ቢራውም ደርሶ ነበር።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል። ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ወንድማቸው አቶ ዊልፍ ቀርተዋል። ቃላቸውን እንደጠበቁ፣ ጌታ ነፍሳቸውን በቤቱ ይጠብቅልን። ከቀብር መልስ «ጥቁሩ በግ» ክፍት ነው፤ ለማይጠጣም ሻይ ተጥዷል።