ፀሐይ ሲነካው የሚወጣ ፊት

አምቦ፣ ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሞሲሳ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔና እማዬ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ከሞስኮው የሌዘር ጉባኤ የላክኸው፣ ፊትህ በጨረር የተቀረጸበት መስታወት ደርሶናል። የአድራሻው ጽሑፍ ያንተ እጅ አይደለም፤ ማን ጻፈልህ? ፀሐይ ካልነካው ባዶ ነው፤ ሲነካው ግን ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ ትላለህ። እማዬ በየቀኑ «ዛሬ ደግሞ ከስቷል» ትላለች።

ማክሰኞ ማለዳ ጎረቤታችን ኦቦ ገቢሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ገና ሳይቀመጡ እማዬ «ልጄን እዩልኝ!» ብላ መስታወቱን ፀሐይ ላይ ያዘችላቸው። ወጣህ። ሦስቱም አዩህ። ኦቦ ገቢሳ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉና «ለሰላምታ ብለን ነው» ብለው ሄዱ። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሁለት መስመር ይበቃኛል፤ ብቻ በራስህ እጅ ጻፍልኝ።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ ድንቅቱ