በሜትር የተለካ ብስኩት

ጥቅምት 3

ብስኩት ጋገርኩ። ሠላሳ ዓመት በርና መስኮት የሠራሁ አናጺ፣ ዛሬ ሽርጥ ታጥቄ ሊጥ ዳመጥኩ። ባለቤቴ ከወንበሯ ሆና ታዘኛለች። ስትሮኩ ቀኝ እጇን ካሰረው ወር ሊሞላው ነው፤ ምላሷን ግን አልነካውም። ቅቤው በዛ ትላለች። ኧረ አልበዛም ስላት፣ "ሙያ በልብ ነው፤ ዝም ብለህ ዳምጥ።"

ልጃችን ባሕር ማዶ ትማራለች። በየወሩ የእናቷ ብስኩት ይደርሳታል... የዚህ ወር ከቀረ ትጠረጥራለች። ባለቤቴ "ፈተናዋን እስክትጨርስ ትንፍሽ እንዳትል፤ ሁሉን ጥላ ትመጣለች" ብላ አስማለችኝ። ማልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 4

ፖስታ ቤት። ብስኩቱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ጣሳ ውስጥ ደርድሬ፣ ክፍተቱን በጋዜጣ ጠቅጥቄ ወሰድኩ። ሚዛን ላይ ያለችው ሠራተኛ ቅጽ ሰጠችኝ። "ላኪ" በሚለው ቦታ የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። ፈረምኩላትም። በስተርጅና ፊርማ አስመሳይ ሆንኩ።

ጥቅምት 20

ልጄ ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን በግራ እጇ ይዛ ቀለደች፣ መከረች፣ መረቀች። ስትዘጋ "አየህ? ምንም አልጠረጠረችም" አለችኝ።

ኅዳር 2

ሁለተኛው ዙር። ያለፈው ጠማማ ነበር፤ ዛሬ ሜትሬን አወጣሁ። አምስት በአምስት ሴንቲሜትር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ባለቤቴ አይታ መስኮት ነው የምትልክላት ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሰዓት ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ኅዳር 9

ትናንት ጠዋት ስትሮኩ እንደገና መታት። ሐኪም ቤት ነን። አትናገርም። ሐኪሙ ቃል ላይመለስላት ይችላል ብሏል። ዓይኗ ብቻ ይከተለኛል።

ስልኩን አነሳሁ... ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀረው... ምያለሁ እኮ... መልሼ አስቀመጥኩት። ለመሐላው ብዬ ነው? የልጄን ልቅሶ ፈርቼ ነው? ፈርቼ ነው።

ኅዳር 12

ደወለች። "እናትሽ ተኝታለች" አልኳት።

አልተኛችም። እያየችኝ ነበር።

ኅዳር 17

ጣሳው ደርሷታል።

"አባዬ፣ የእማዬ ብስኩት ሁለቱ ተመሳስለው አያውቁም። ይሄን በሜትር የለካኸው አንተ ነህ። እማዬ ምን ሆነች?"

ነገርኳት። ሁሉንም። የእማዬን ድምፅ አሰማኝ አለችኝ። ከየት አምጥቼ?

"ባለፈው ወር እየቀለደች ነበር እኮ... ያኔ ብትነግረኝ እመጣ ነበር፣ አባዬ።"

ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ኅዳር 23

ልጄ ፈተናዋን ጥላ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ። ያ ሁሉ መሐላ ለዚህ... ዛሬ እናቷን ወደ ቤት አመጣናት። ልጄ ታጥባታለች፣ ታበጥራታለች፣ ታጎርሳታለች። ለእኔ ግን እስካሁን አንዲት ቃል አልወጣትም። አልፈርድባትም።

ከሰዓት በኋላ ጣሳውን ከሻንጣዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የጎደለው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ አየችው። በግራ እጇ ታግላ አንዱን አነሳችና ለልጇ ዘረጋችላት፤ በዓይኗ ወደ እኔ አመለከተች። ልጄ ተቀብላ ቆማ አላመጠች።

"ቅቤው በዝቷል" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

"እናትሽም ብላኝ ነበር።"

ማላመጧን አቆመች።

"ሌላስ ምን አለች?"

እናቷ ያለችውን የጻፍኩበትን ይህን ደብተር አመጣሁላት። ፈርቼ ነው ያልኩበትን ገጽ ልገነጥለው ነበር... ተውኩት።