በጠፍር ስለተገጠመው የጀልባ ሞተርና በሰበቡ ስለታሰረው ሰው

ለክቡር ፊታውራሪ ዘርአ ዳዊት፣ የቆላው ዓሣ ማስገር ሥራ የበላይ ኃላፊ
ጎረቤላ፣ ግንቦት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ክቡር ፊታውራሪ ሆይ፣ እርስዎን ነው፤ ዞር ብለው ከኋላዎ ሌላ ሰው አይፈልጉ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን፣ በተለይም እንቅልፍዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ የእኔስ ከጠፋ አርባ ቀኑ ነው። እኔ ፋኖስና የስፌት መኪና የምጠግነው ወርቅአገኘሁ ነኝ፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ የተማርኩት። ይህን ወረቀት ገበያው መግቢያ ላይ የለጠፍኩት፣ የበደልነው በሰው ፊት ሆኖ ሳለ ጓዳ ገብተን መንሾካሾኩ ስለማያምርብን ነው።

አንደኛ፣ ለዓሣ ማስገሩ ስላስመጧት ጀልባ አመሰግንዎታለሁ። ሞተሯ በበቅሎ ተጭኖ ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ በቅሎዋ ተንሸራተተችና፣ ሞተሩን ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዘው የብረት እግር ተሰነጠቀ። ደብረ ብርሃን ሄዶ ይበየድ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉና «አንተ ብልሃተኛ አይደለህ እንዴ? ባለህ ነገር ገጣጥመው» አሉኝ። ብልሃተኛ ስላሉኝ ደስ አለኝ። አዬ እኔ!

ሁለተኛ፣ እኛ ደገኞች ሞፈርና ቀንበር በምናያይዝበት እውቀት፣ ጥሬ የበሬ ጠፍር ዘፍዝፌ፣ ስንጥቁን ከወይራ ድጋፍ ጋር ጥምዝምዝ አድርጌ አሰርኩት። ሦስት ቀን ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ብረት ሆነ። በመዶሻ ብመታው ንቅንቅ አላለም። እርስዎም መጥተው ነካ አድርገው «ይኸው፣ ምን ብየዳ ያስፈልጋል!» አሉ። ጀልባ ውሃ ላይ እንደሚውል ግን እኔም እርስዎም፣ አጠገባችን ቆሞ ያጨበጨበውም ሁሉ፣ ከአንድ ሰው በቀር ትዝ ያለው አልነበረም።

ያ አንድ ሰው ረሺድ ነው፤ ጀልባዋን እንዲነዳ እርስዎ ራስዎ የቀጠሩት የአልዩ አምባ ሰው። አዋሽ ዳር ቁጢጥ ብሎ ጠፍሩን ዳበስ አደረገና «ጋሼ፣ ጠፍር ውሃ ከጠጣ እኮ ይላላል። ወላሂ አይዝም፤ ሽቦ እንጨምርበት» አለኝ። እኔም «አንተ ግመልህን ጫን፤ ጠፍር የደገኛ ነው!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀድመው የሳቁት እርስዎ ነበሩ፤ ስለ ሳቅዎም አመሰግናለሁ፣ ያን ጊዜ ልቤን አሙቆት ነበር።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ጀልባዋ እንግዶችዎን ጭና ወንዙ መሃል ስትደርስ ጠፍሩ ላላ፣ ሞተሩም ሰጠመ። ረሺድ እንግዶችዎን በመቅዘፊያ ዳር አደረሰና ልብሱን ጥሎ፣ አዞ አለ ሳይል፣ ሁለት ጊዜ ጠልቆ ፈለገው። ባዶ እጁን ሲወጣ፣ እርስዎ በእንግዶች ፊት እንዳያፍሩ ብለው «ሆን ብሎ ፈትቶ ጥሎታል፤ ኋላ አውጥቶ ሊሸጠው ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ ያዘዙኝ እርስዎ ሆነው ሳለ፣ «ለመሆኑ ሞተሩን የገጠመው ማነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ረሺድ እኔን አየኝ፤ ስሜን ግን አልጠራም። ራሱ ይናገራል ብሎ ጠበቀኝ መሰለኝ። አልተናገርኩም።

ይኸው እዚህ ጎረቤላ አርባ ቀን ታስሯል። ጀልባዋ እስከ ዛሬ አንድ ዓሣ አልያዘችም፤ በእሷ ሰበብ የተያዘው ረሺድ ብቻ ነው። ሚስቱ ጠይባ ስንቁን ተሸክማ ከአልዩ አምባ ያን ዳገት ወጥታ በደጄ ታልፋለች። ቆም ብላ «እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ትናንት ድምፅዋን ስሰማ ጓዳ ገብቼ ከእህሉ ጎታ ኋላ ተደበቅኩ። ሽበት ያበቀልኩ ሰውዬ፣ ከሴት ሰላምታ ሸሸሁ።

ስለዚህ የእኔን ድርሻ እዚሁ እከፍላለሁ። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ረሺድ አስጠንቅቆኛል፤ ሰድቤዋለሁ፤ ሲወነጀልም ዝም ብያለሁ። መታሰር ያለበት ካለ ቤቴን ያውቁታል፤ በሩ ክፍት ነው። የእርስዎን ድርሻ ደግሞ እኔ ልናገርልዎ አልደፍርም፤ ክብርዎን ስለማውቅ ለራስዎ ትቼልዎታለሁ።

ዕድሜና ጤና እየለመንኩልዎ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣ ብልሃተኛ ብለው የሾሙኝ ሎሌዎ፣
ወርቅአገኘሁ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚያው ቆዳ የተረፈ ጠፍር ነበረኝ። የተሰነጠቀ ብረት ላይ አስሬ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ውሃ በሞላበት ባልዲ ነክሬ መሃል አደባባይ አስቀምጠዋለሁ፤ አጠገቡም ለእርስዎ ወንበር አዘጋጃለሁ። መጥተው በገዛ እጅዎ ይሳቡት። ከያዘ ረሺድን ሌባ ይበሉት፣ እኔም አብሬው ልግባ። ከላላ ግን፣ ሌባ ባሉበት አፍዎ፣ ጠይባም ባለችበት፣ ያን ሞተር በጠፍር እንዲገጠም ያዘዘው ማን እንደሆነ ለሕዝቡ ይመልሱ።