ራጁ ላይ የቀረው ሳቅሽ

የእህቴ ልጅ የሺዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዳማው ፈረሴ አርጅቷል፤ ከዳንግላ መውጫ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ወደ ኋላ ያያል፣ አንቺ ወርደሽ ጋሪውን የምትገፊለት መስሎት። እናትሽ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ላስቃት ስሞክር ትቆጣኛለች፤ ሳልሄድ ስቀር ደግሞ ታስጠራኛለች።

ለመሠረተ ትምህርት ቆላ ስትዘምቺ፣ የቆላ ትንኝ የደጋ ደም ይወዳል ብዬ ቀልጄብሽ ነበር። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዘሽ ተመለስሽ፤ ሁላችንም ወባ ነው አልን። ኋላ አንገትሽ ደረቀ፣ እግሮችሽ ከዱሽ፤ ባሕር ዳር ወስደን ራጅ አስነሳንሽ። ባለሙያው እንዳትነቃነቂ አለሽ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ጭንቅላትሽ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን አልኩ። አንቺም «የእርስዎን ቢያነሱትማ ገለባ ነው የሚወጣው» ብለሽ ሳቅሽ። እንደሳቅሽ ራጁን ተነሳሽ።

ሐኪሙ የራስሽም የአከርካሪሽም አጥንት ደህና ነው አለን። ቀጥሎም ራጅ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን አያሳይም፣ ትንኝ ያመጣው ቫይረስ እዚያ ገብቶ ይሆናል፣ ተኝታ ትቆይ አለ። እኛ ግን የፈረስ አገር ሰዎች ነን፤ አጥንቱ ያልተሰበረ ፈረስ ደግፈው ካቆሙት ይሄዳል ሲባል ሰምተን አድገናል። የፊተኛውን ቃል ይዘን፣ የኋለኛውን እዚያው ትተን መጣን። እናትሽ ራጁን መስኮት ላይ ሰቀለችው፤ ጎረቤቱ በብርሃን እያየ እንኳን እግዜር ማረሽ አለ። ጠዋት ጠዋት ግራና ቀኝ ይዘን አቆምንሽ። አንድ ቀን ላብሽ እየወረደ «አጎቴ፣ ዛሬስ ልተኛ» አልሽኝ። እንደ ሰነፍ ፈረስ ቆጥሬ ቀለድኩብሽ። በሳምንቱ አረፍሽ።

ኋላ ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅሁት። በውጭ አገር አንጎልን ራሱን የሚያሳይ መሣሪያ መጥቷል አለኝ። ያድናት ነበር ወይ አልኩት። ለሕመሙ መድኃኒት የለውም፣ ግን አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ከአልጋ ባላስነሳችኋት ነበር አለኝ። የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። መሞቱስ ላይቀርልሽ ይችል ነበር፤ ግን ተኝተሽ፣ እንደለመንሽኝ።

ራጁ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ወደ ብርሃን ሳነሳው ሕመምሽ የትም የለም፤ ጥርሶችሽ ግን ተገልጠው ይታያሉ። ስትስቂ የተነሳሽው ይኸው ብቻ ነው። የሺዬ፣ ገለባ ያልሽው ጭንቅላቴ ሌላውን ሁሉ ነፋስ ቢወስድበት፣ አንቺን አያስወስድም።

አጎትሽ